«ለመደ» ስለሚባለው ቃል

ሰው በእጁ ያለውን ፍጥረት የሚበድለው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚበድለው ባለማየት ነው። በሬ ሲመታ ያጓራል፤ ውሻ ሲረገጥ ይጮኻል፤ ድመት ስትራብ ከእግር ሥር እየተሻሸች ታላዝናለች። ስለዚህ ልቡ ያልደነደነ ሰው ድምፁን ሰምቶ እጁን ይሰበስባል። ነገር ግን ኤሊና እንሽላሊት፣ እባብና እስስት ሲጨነቁ የሚያሰሙት ልቅሶ የላቸውም፤ ፊታቸውም ኀዘንን አያሳይም። ታዲያ ድምፅ የሌለው ፍጥረት መቸገሩ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሳይጠየቅ የቆየ ጥያቄ ነው። ሰዎች እንዴት አድርገው ቀስ በቀስ ሊጠይቁት እንደ ጀመሩ በዚህ ድርሰት ለመተረክ አስቤአለሁ። አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

በ1965 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ነበርሁ። ትምህርት ቤቱ የተሠራው በደጋ ላይ ነው። ከእኛ ጋር የሚማር አንድ የቆላ ልጅ ከዕረፍት ሲመለስ ኤሊ በጆንያ ይዞ መጣ። እኛም ደስ ብሎን በሳሙና ሣጥን ውስጥ አደረግነውና ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ባለው የድንጋይ ክፍል አኖርነው። ጎመንና የእንጀራ ፍርፋሪ እንሰጠው ነበር። ኤሊው ከጧት እስከ ማታ የሣጥኑን አንዱን ማዕዘን በእግሩ ይቧጥጥ ነበር። እኛ ግን «ይጨፍራል» እያልን እንስቅ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ መቧጠጡን ተወና አንገቱን ወደ ቅርፊቱ ሰብስቦ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ሁላችንም ባንድ አፍ «እሰይ፣ ለመደ!» አልን። ጎመኑን አልበላም ሲል «ጠግቦ ነው» አልን። አንድ ቀን ጧት ልናየው ብናነሣው አንገቱ ተንጠልጥሎ ሞቶ አገኘነው።

መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡንም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «መቧጠጡን የተወው በስንተኛው ቀን ነው?» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን። ቀኑን የሚያውቅ አንድም ልጅ አልነበረም።

ያ ጥያቄ ከልቤ ሳይወጣ ስለ ቆየ፣ መምህር ከሆንሁ በኋላ ስለነዚህ ፍጥረቶች የተጻፈውን ባገኘሁ ቁጥር አነብ ነበር። ካነበብሁትም ዋና ዋናውን እነሆ እተርካለሁ። የውጭ አገሩን ታሪክ የምጽፍበት ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በእንግሊዝ አገር በ1826 ዓ.ም. የተመሠረተው የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር በአራዊት ግቢው ውስጥ በ1849 ዓ.ም. ለተሳቢ እንስሳት ብቻ የተለየ ቤት ከፈተ። ለሕዝብ እንዲታዩ ተብሎ ለነዚህ ፍጥረቶች የተለየ ቤት ሲሰጣቸው ይህ በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1852 ዓ.ም.፣ ከጠባቂዎቹ አንዱ ኮብራ በሚባለው እባብ ተነድፎ ሞተ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ለቤቱ ሹሞች ትልቁ ሐሳብ ሰውን ከእባብ መጠበቅ ቢሆን አያስገርምም። እባቡንስ ከምን እንጠብቀው የሚለው ጥያቄ ገና ተራው አልደረሰም ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የሚፈራ ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ብቻ ነው።

ተራው የደረሰው ጆአን ፕሮክተር በምትባል ሴት ዘመን ነው ለማለት ይቻላል። ይህች ሴት በ1897 ዓ.ም. በለንደን ተወለደች። ከልጅነቷ ጀምራ እባብና እንሽላሊት ታሳድግ ነበር፤ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለችም ትንሽ አዞ ይዛ ወደ ክፍል መግባቷ ይነገርላታል። ሰውነቷን ሕመም ያደክመው ስለ ነበረ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመግባት አልሆነላትም። ሆኖም በብሪቲሽ ሙዚየም የተሳቢ እንስሳት ሊቅ የነበረው ጆርጅ ቡላንዤ ረዳቱ አድርጎ ተቀበላትና ከእርሱ ሥር ሆና ተማረች። በ1923 ዓ.ም. የለንደን አራዊት ግቢ የተሳቢ እንስሳት ክፍል ኃላፊ ሆነች።

ፕሮክተር አዲስ ቤት እንዲሠራ አሳብ አቀረበች፤ ቤቱም በእርስዋ አሳብ ተሠርቶ በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ። የዚህ ቤት ጥበብ በግንቡ ውበት ላይ አልነበረም። ልዩ ልዩ አገር ለሆኑት እንስሳት ልዩ ልዩ ሙቀት እንዲደርሳቸው ተደረገ። ተራ መስተዋት ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ጨረር ስለሚያግድ፣ ይህን ጨረር የሚያሳልፍ ልዩ መስተዋት ተገጠመ። ይህ ጨረር ለብዙ እንሽላሊትና ኤሊ የአጥንት ጉዳይ ነው፤ ያለ እርሱ ሰውነታቸው ቪታሚን ዲ የተባለውን ነገር እንደሚገባ ስለማያዘጋጅ አጥንታቸው ይለሰልሳል፤ ይጣመማል። ከዚህ ላይ አንባቢ ያስተውል። የተራበ እንስሳ ምግብ እንደሚያስፈልገው ሁሉም ያውቃል፤ ፀሐይ የራበው እንስሳ መኖሩን ለማወቅ ግን አስተዋይ ልብ ያስፈልጋል።

በዚያው በ1927 ዓ.ም. ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ሁለት የኮሞዶ አርጃኖዎች ወደ ለንደን መጡ። የኮሞዶ አርጃኖ በምድር ላይ ካሉት እንሽላሊቶች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ የሳይንስ ሰዎች ስም የሰጡትም በ1912 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ እንደ ጨካኝ አውሬ ይፈራው ነበር። ፕሮክተር ግን ከሁለቱ አንዱን፣ ሱምባዋ የተባለውን፣ በትዕግሥት አቀረበችው። በ1928 ዓ.ም. ማኅበሩ ባደረገው ጉባኤ ላይ አቀረበችውና በሊቃውንቱ ፊት ስትደባብሰው ከእጇ ምግብ በላ። በግቢው ውስጥም አብራው ትዘዋወር ነበር። ይህች ሴት ሕመሟ እየበረታ ሄዶ በ1931 ዓ.ም. በሠላሳ አራት ዓመቷ ሞተች። ሕመምን በራሷ ሰውነት ማወቋ የማይናገረውን ሕመምተኛ እንድትመለከት ሳይረዳት አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

ከእርስዋ በኋላ የመጣው ትልቅ እውቀት የሙቀት ነገር ነው። ተሳቢ እንስሳትን «ደመ በራድ» ማለት የተለመደ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሰው ሙቀትና ብርድ እንደማይሰማቸው አድርጎ ይቈጥር ነበር። በ1944 ዓ.ም. ሬይመንድ ካውልስና ቻርልስ ቦገርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የበረሓ እንሽላሊቶችንና እባቦችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። እንሽላሊት ሲበርደው ወደ ፀሐይ፣ ሲሞቀው ወደ ጥላ እየተመላለሰ የሰውነቱን ሙቀት በጠባብ ልክ ውስጥ እንደሚጠብቅ አስረዱ። እኛ ምድጃችንን በደረታችን ውስጥ ይዘን እንዞራለን፤ እንሽላሊት ግን ምድጃው ውጭ ነው፤ በእግሩ ሄዶ ይሞቀዋል። እንግዲህ ከየትም ወዴት ቢሄድ አንድ ዓይነት ብርድ ብቻ ባለበት ሣጥን ውስጥ የተዘጋበት ፍጥረት ምድጃው ጠፍቶበታል ማለት ነው። ኤሊ የበላውን ለመፍጨት እንኳ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ የድንጋይ ክፍል ትዝ አለኝ። ለካ የቆላውን ኤሊ ጎመን እያበላን በብርድ እንገድለው ነበር!

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሊቃውንት ከአካል ወደ ስሜት ገቡ። በካናዳ በላቫል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሚሼል ካባናክ ከአንድ ባልደረባው ጋር በ2000 ዓ.ም. ስለ ኤሊ አንድ ጥናት አወጣ። ኤሊውን ሰው በእጁ ሲይዘው የልቡ ምት ይፈጥናል፤ ከተለቀቀም በኋላ ሞቅ ያለውን ስፍራ ስለሚመርጥ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ ይላል። ሰው ሲደነግጥ ትኩሳት እንደሚሰማው ያለ ነው። ከላይ ለሚያየው ኤሊው እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል፤ ከቅርፊቱ በታች ግን ልቡ ይደልቃል።

በዋሽንግተን ብሔራዊ የአራዊት ግቢ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረ አንድ የውሃ ኤሊ ነበር። ጠባቂዎቹ ፒግፌስ ይሉት ነበር፤ የአሳማ ፊት ማለት ነው። ዓይነቱ ቅርፊቱ ለስላሳ የሆነው የዓባይ ኤሊ ነው፤ ይህ ዓይነት በአገራችን በኦሞ ወንዝም ይገኛል። ፒግፌስ በባዶው ገንዳ ውስጥ ብቻውን ሲኖር አንገቱን በጥፍሩ ይቧጭር፣ የፊት እግሮቹንም ይነክስ ነበር። መድኃኒት የሚቀባለት ቢሆን ቍስሉ ይድን ይሆናል፤ የቍስሉ ምክንያት ግን አይድንም። ስለዚህ ኳስ፣ እንጨትና የውሃ ጎማ ወደ ገንዳው አስገቡለት። ኤሊው ኳሱን በአፍንጫው እየገፋ ይከተለው፣ ጎማውን እየጎተተ ይታገለው ጀመር፤ ራሱን ማቍሰሉም ቀነሰ። ጎርደን በርገሃርት የተባለው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን በ1996 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጣው። ኤሊ ሥራ መፍታት ያስጨንቀዋል ብሎ ከዚያ በፊት ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር።

ክሊፎርድ ዎርዊክ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ ምርኮኛ ተሳቢ እንስሳት ጤናና ደኅንነት በ1995 ዓ.ም. አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የዚህ ሰው ዋና ሥራ የጭንቀትን ምልክት ለይቶ መመዝገብ ነው። ከምልክቶቹም ጥቂቱን ልናገር። በመስተዋት ውስጥ ያለ እንስሳ ሳያቋርጥ መስተዋቱን ቢገፋ፣ ቢቧጥጥ፣ ሊወጣበት ቢታገል፣ አፍንጫውም እስኪላጥ ድረስ ቢታሽ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም፤ መውጫ ፍለጋ ነው። ከልክ በላይ ቢቅበዘበዝ ምልክት ነው፤ ከልክ በላይ ዝም ቢልም ምልክት ነው። ምግብ ቢተው፣ ራሱን ቢደብቅ፣ ሰው ሲቀርብ አካሉን ቢነፋና ቢተነፍስበት እንዲሁ ምልክት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ረጋ ብሎ የሚሄድ፣ ምላሱን በዝግታ እያወጣ አካባቢውን የሚመረምር፣ ፀሐይ ሞቆ ተዘርግቶ የሚያርፍ እንስሳ ደኅና መሆኑን ይናገራል። እባብም ዘወትር ተጠቅልሎ መኖር ይበቃዋል ይባል ነበር፤ ነገር ግን ስፍራ ሲያገኝ በሙሉ ርዝመቱ የሚዘረጋበት ጊዜ እንዳለ በ2019 ዓ.ም. የወጣው የዎርዊክና የባልደረቦቹ ጥናት አሳይቷል።

ዛሬ ሳይንስ በደም ውስጥ ያለውን ኮርቲኮስቴሮን የሚባለውን የጭንቀት ቅመም መለካት ይችላል። ከኩስ፣ እባብ አውልቆ ከሚጥለው ቆዳም ሳይቀር ይለካል። ነገር ግን ልኬቱ ብቻውን አይበቃም። እንስሳውን ለመመርመር ሲይዙት መያዙ ራሱ ያስጨንቀዋል፤ ደግሞም ይህ ቅመም እንስሳው ለሌላ ሥራ ሲተጋም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ የያዘውም ሊቅ ተመልሶ ወደ ዓይኑና ወደ ደብተሩ ይመጣል፤ በስንት ሰዓት በላ፣ ስንት መዘነ፣ ቆዳውን መቼ ጣለ፣ የት ተኛ፣ ከትናንት ዛሬ ምን ለወጠ እያለ በየቀኑ ይጽፋል። ከቀኑ ቀን የሚለወጠውን ያልጻፈ ሰው ለውጡን ሊያይ አይችልም።

ሕግም ከኋላ እያዘገመ ተከተለ። በእንግሊዝ አገር በ1965 ዓ.ም. የብራምቤል ኮሚቴ የተባለው ስለ እርሻ እንስሳት አኗኗር መርምሮ አሳቡን ለመንግሥት አቀረበ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ደግሞ የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ሁሉ ያቀፈ ስለ ሆነ እባብና እንሽላሊትም በቤት ከተያዙ ከሕጉ ጥላ ሥር ገቡ። የያዛቸው ሰው ምግብና መኖሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ ጠባያቸው የሚኖሩበትን ሁኔታም እንዲያስብ ግዴታ ሆነበት። ለተሳቢ እንስሳት የመጀመሪያው ቤት ከተከፈተ መቶ ኀምሳ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው።

ከአንባቢዎቼ መካከል «ሰው ሳይጠግብ ስለ እባብ ምቾት ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስም ይገባዋል። መጀመሪያ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በእኛም አገር በአርባ ምንጭ በ1970ዎቹ የአዞ እርባታ ተቋቁሞ፣ ለቆዳቸው ሲባል አዞዎች በሰው እጅ ሲያድጉ ኖረዋል፤ በመንደርም ኤሊ በገመድ አስሮ የሚጫወት ልጅ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ እባቡን ወደ ቤትህ ጠርተህ አላመጣኸው እንደ ሆነ ዕዳ የለብህም፤ ዱሩ ያኖረዋል። ይዘህ በዘጋህበት ቀን ግን ፀሐዩም፣ ጥላውም፣ ውሃውም አንተ ሆነሃል። የማትችለውን አትያዝ፤ የያዝኸውን ግን ተመልከት። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው፤ እርሱንም ለመናገር ሌላ ጥፋቴን መግለጥ አለብኝ።

መምህር በሆንሁ በሁለተኛው ዓመት ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ በክፍሌ ነበር። ዘመዶቹ ዘንድ ተጠግቶ ይማር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኑ ከበሩ ላይ አይነሣም፤ ላፍታ ሳይቀመጥ «ልውጣ?» ይላል፤ በእግሩ ወለሉን ይመታል። ብዙ ጊዜ ገሠጽሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ዝም አለ። አይጠይቅም፣ አይንቀሳቀስም፣ አይስቅም። እኔም ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት አስታውሼ ደስ አለኝና በውጤት ካርዱ ላይ «ጠባዩ ተሻሽሏል፤ ትምህርት ቤቱን ለምዷል» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍሁ። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በገበያ መካከል አንድ ጎልማሳ ሰው «ጋሼ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። እርሱ ነበር። ያን ዓመት ጧት ጧት ሳይበላ ይመጣ እንደ ነበረ፣ ሌሊትም ከደጅ በር ሥር በብርድ ያድር እንደ ነበረ እንደ ዋዛ አድርጎ አጫወተኝ። እኔም አፍሬ «ለምደህ መስሎኝ ነበር» አልሁት። እርሱም ፈገግ ብሎ «አይ ጋሼ፣ አልለመድሁም ነበር፤ ደክሞኝ ነው እንጂ» አለኝ።

ልጁን ከኤሊ ጋር የማስተያየው እርሱን ለማዋረድ አይደለም፤ የራሴን ዓይን ለመክሰስ ነው። በዐሥራ ሁለት ዓመቴ በሣጥኑ ማዕዘን ያየሁትን ነገር በሃያ አምስት ዓመቴ በክፍሌ ማዕዘን አየሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ «ለመደ» አልሁ። መቧጠጥን ጨዋታ፣ መድከምን ጨዋነት፣ ተስፋ መቍረጥን ልማድ ብሎ መጥራት ለጠሪው ይመቸዋል፤ ከሥራም ያሳርፈዋል። ስለዚህ ነው የፕሮክተርና የጓደኞችዋ ታሪክ የእባብ ታሪክ ብቻ ያልሆነው። የማይጮኸውን ፍጥረት ችግር ለማየት የሠለጠነ ዓይን የማይጮኸውንም ሰው ያያል፤ በአንዱ ላይ የታወረ ዓይን ግን በሌላውም ላይ እንዳይታወር ያሠጋል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በእጅህ ያለው ፍጥረት ዝም ባለ ጊዜ «ለመደ» ለማለት አትቸኵል። በልቷልን? ሞቆታልን? የሚሄድበት፣ የሚደበቅበት፣ የሚሠራው ነገር አለውን? ትናንት ያደርገው የነበረውን ዛሬ ለምን ተወ? ብለህ ጠይቅ፤ ያየኸውንም ከነቀኑ ጻፍ። ይህ ትልቅ ሀብት አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። እኔ ዛሬ ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ፤ በሕይወቴ የተጠየቅሁትን ብዙ ጥያቄ መልሻለሁ። ያ ኤሊ መቧጠጡን የተወው በስንተኛው ቀን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።